ምልክት ያለው ቻርጀር

ጥቅምት 18። ጠዋት የላፕቶፔ ቻርጀር ተቃጠለ።

መጋረጃውንም ይዞት ነበር። ባለቤቴ ሮጣ ቆጣሪውን ባታጠፋውና መጋረጃውን ጎትታ ባትረግጠው ኖሮ ይህን የምጽፈው ከጎረቤት ቤት ሆኜ ነበር። «የደኅንነት ምልክት የሌለው ቻርጀር ይዘህ እዚህ ቤት እንዳትገባ» አለችኝ።

እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ።

«የደኅንነት ምልክት ያለው ቻርጀር አለህ?»

«ሞልቷል ጋሼ!» ባለሱቁ ምንም ያልተጻፈበት ቻርጀር አወረደ። ቀጥሎ ከመሳቢያው አንድ ጥቅል ተለጣፊ አወጣ። «የአውሮፓው ይሁንልዎት ወይስ የአገር ውስጡ?»

መልስ ሳልሰጠው፣ የስልክ ቻርጀር ሊገዙ ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ቀደሙኝ።

«ለእኔ ሁለቱንም ለጥፍልኝ ልጄ። የእኛ አገር መብራት ኃይለኛ ነው።»

ባለሱቁ የእኔው ላይ የአውሮፓውን ለጠፈና በአውራ ጣቱ ደህና አድርጎ ጫን ጫን አደረገው። ከዚያ እንደሚሠራ ሊያሳየኝ ሰካው።

ጧ! ሱቁ ጨለመ፣ ጭስ ጭስ ሸተተ።

አዛውንቱ ተቆጡ፦ «ሙጫው ሳይደርቅ ምን አስቸኮለህ?»

«እውነትዎን ነው» ብሎ ባለሱቁ ሌላ ተለጣፊ መላጥ ሲጀምር ጥያቸው ወጣሁ።

የእናንተ ቻርጀር ላይ ምልክቱን ማን ለጠፈላችሁ?