የማርስ አፈርና የአባቴ እጅ

ጎሮ አካባቢ አንዲት ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራ ያገኘሁ ሰሞን አባቴ ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ፣ «ማርስን ከእኛ ጀርም መጠበቅ» አልኩት። «እኛንስ ከእሷ ጀርም ማን ይጠብቀናል?» አለ። እሱም የእኛ ሥራ ነው ስለው ሳቀ። በማግስቱ ግን «ልጄ ሁለት ዓለም ትጠብቃለች» እያለ የሰሚት ኮንዶሚኒየማችንን ከላይ እስከ ታች በወሬ አዳረሰው።

እውነቱን ለመናገር ወደ ማርስ የምንልከው ነገር አልነበረንም። ሥራው ልምምድ ነው። ከአፋር የጨው ሜዳ የመጣን አፈር ከማርስ እንደመጣ ቆጥረን፣ ከእኛ ምንም ሳይገባበት፣ ከእሱም ምንም ሳይወጣ ከፍተን መርምረን እናሽገዋለን። ንጹሕ መሆናችን የሚታወቀው ልብሳችን በጥጥ ተጠርጎ፣ ጥጡ ጀርም በሚያበቅል ሳህን ላይ ሲታሽ ነው። ሳህኑ ካበቀለ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። እኔ ደግሞ ገና በሙከራ ቅጥር ላይ ነበርኩ፤ ሳህኔ ካበቀለ እባረራለሁ። አለቃችን ይህን በየጠዋቱ ከሰላምታ በፊት ያስታውሰኛል። ሰው ሲንቀጠቀጥለት ማየት ደስ ይለው ነበር።

አንድ ቀን የእንግዳ ቀን ተባለና ቤተሰብ ተጠራ። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ መጣ። እኔ ቱታዬን፣ ጭንብሌንና ድርብ ጓንቴን አድርጌ ለመግባት ተዘጋጅቼ ቆሜያለሁ። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አለ፤ እንግዳ እሱን አያልፍም። አባቴ በዓይኖቼ ብቻ ለየኝና እጁን ዘርግቶ መስመሩን አለፈ።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ጎንበስ ብዬ የእጄን አንጓ ሰጠሁት፤ ሊጥ እያቦካ ወይም ልብስ እያጠበ እንግዳ የደረሰበት ሰው እንደሚያደርገው። እጄ ቆሽሾ አይደለም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ግን የማይጨበጥ እጅ ሲኖረን አንጓ መስጠት ነው የምናውቀው። አባት እጁን ዘርግቶ ሲመጣ ዝም ብሎ መቆም ማንም አላስተማረኝም። አባቴ ጓንቱና ቱታው የሚገናኙበት ላይ በሁለት እጁ ያዘኝ።

«ልብሴን ልቀይር» አልኩት አለቃዬን።

«እንግዶቹ ቆመው ይጠብቁሽ? ግቢ!»

ገባሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳህኑ አበቀለ። ክሬም የመሰሉ ክብ ክብ ነጠብጣቦች ወጡበት። አለቃዬ ለሁሉም እያዞረ አሳየና «ተዋወቁ፣ ዘመዶቿ ናቸው» አለ። ሳቁ። አብረውኝ ምሳ የሚበሉት ሳይቀሩ ሳቁ። የዚያኑ ቀን ተባረርኩ።

አባቴ ሳይነግረኝ ሊያማልደኝ ሄደ። የጥበቃው ሰውዬ ደውሎ «አባትሽ እዚህ ናቸው» ሲለኝ ሮጬ ደረስኩ። አባቴ አለቃዬ ቢሮ ውስጥ ቆሟል፤ ይቀመጡ ያለው የለም። ልጁ የሚሆነውን ሰው አንቱ እያለ ይለምናል። «አጥፍታ ከሆነ ልጅ ናት፣ ይቅር ይበሏት።»

አለቃዬ ሳህኑን ከፍሪጅ አውጥቶ አፍንጫው ሥር አስጠጋለት። «እሷ ምንም አላጠፋችም፣ አባባ። ይህ ከእርስዎ እጅ የወጣ ነው። ልጅዎን ከሥራ ያስወጣት የእርስዎ እጅ ነው።»

«ውሸታም! ልብስ ልቀይር ስልህ ግቢ ያልከኝ አንተ ነህ!» ብዬ ጮኽኩ። አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዛሬም ባገኘው እደግመዋለሁ። እሱ ግን ፈገግ እንዳለ ወደ አባቴ ዞረና «አፏም እንደ እጅዎ ነው» አለው።

አባቴ የሰማን አይመስለኝም። ሳህኑን እያየ ነበር። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ቀስ አድርጎ ጋቢው ውስጥ ከተታቸው።

ታክሲ ውስጥ ጀርም የሌለበት እጅ እንደሌለ፣ የአለቃዬም እጅ ላይ እንዳለ፣ እንዲያውም ያለ እሱ ቆዳችን ጤና እንደማያገኝ እስኪታክተኝ አስረዳሁት። «እሺ ልጄ» አለ።

አሁን መገናኛ አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ማርስ ብትበከል ባትበከል ጉዳዬ አይደለም። ከሥራ ስመለስ አባቴ ከወንበሩ ብድግ ይላል። እጁን ታጥቦ አድርቆ ነው የሚጠብቀኝ፤ ሳሙናው ይሸተኛል። እጄን ስዘረጋለት መዳፉን አጥፎ አንጓውን ይሰጠኛል።