ሞተሩ እስኪሞቅ የጠበቅንበት ጠዋት

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትእዛዝ ደረሰን፤ ጉሙ ሳይገለጥ አራቱን ቁስለኞች ደብረ ብርሃን እንድናደርስ። የነበርነው ከጣርማ በር በላይ፣ ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀው ኮረብታ ሥር ነው። እኔ የጭነት መኪናዋ ሾፌር ነበርኩ። መንገዱ ከማዶው ተራራ ወለል ብሎ ይታያል። ጉሙ ከተገለጠ የጠላት መትረየስ ይጠብቀናል።

ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ቁልፉን ባዞር ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ደገምኩ፤ ድምፁ ይባስ ደከመ። መኪናዋን ከጥይት ለመሸሸግ ጎድጓዳ ውስጥ ስላቆምናት ገፍቶ ማስነሣት አይታሰብም።

መካኒካችን ሃምሳ አለቃ ጌታነህ፣ የደነባ ሰው፣ ቃል አያበዛም። የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አየው። ዘይቱ እንደ ማር ረግቷል።

«ቁልፉን አትንካ» አለኝ። «ባትሪው ካለቀ ሁላችንም እዚሁ ነን። መጀመሪያ ትሙቅ።»

«ስንት ደቂቃ?»

«ግማሽ ሰዓት። ምናልባት ከዚያም በላይ።»

አዛዣችን መቶ አለቃው ወደ ቁስለኞቹ ዞረ። ከመካከላቸው በለጠ የተመታው ሆዱን ነው። መቶ አለቃው «ትሙቅ» አለ።

ነበልባል ናፍታ ላይ ይደርሳል ብለን ስለፈራን ፍም ፈለግን። በጎቻቸውን ጥለው መሸሽ ያልሆነላቸው የአካባቢው ባላገር እትዬ አስካለ የኩበት ፍም በገል ይዘው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። «እሳት አይከለከልም፣ ልጆቼ» ብለው ሁለቴ ተመላለሱ። ፍሙን ከሞተሩ ሆድ ሥር አስቀመጥን፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ከላይ ሸራ አለበስን። ቁስለኞቹንም ወደዚያው አስጠጋናቸው።

ያንን ግማሽ ሰዓት የማስታውሰው እንደ ሕልም ነው። ጉሙ እየመጣ ያልፈናል፤ ጓዶቼ ይጠፋሉ፣ ተመልሰው ይታያሉ። የሆነ ቦታ በግ ያስላል። እግሩን የተመታው የአልዩ አምባው መሐመድ በትኩሳት ዓይኑን ገለጠ።

«ወረድን እንዴ? አየሩ ሞቀ እኮ። ቆላ ነው።»

«ደረስን» አልኩት። ከቅዠቱ ልቀሰቅሰው አልፈለግሁም።

«አልሐምዱሊላህ» ብሎ ፈገግ አለ።

በለጠ ግን ንቁ ነበር። «ተነሣች?» አለኝ።

«አሁን ትነሣለች።»

ዓይኑን ጨፈነ።

ጌታነህ ባዶ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። «አሁን» አለ። ቁልፉን አዞርኩ፤ በአንዴ ተነሣች። ቁስለኞቹን ልናሳፍር ስናነሣ በለጠ ትንፋሹ የለም።

ጌታነህ በመስኮቱ በኩል «ቀስ ብለህ ንዳ፣ ገና ናት» አለኝ። እሱ ከሌሎቹ ጋር እዚያው ቀረ። የተጋለጠውን መንገድ በጉሙ ውስጥ አለፍን። ሁለት ሰዓት ላይ ከኋላችን ተኩስ ተከፈተ።

ሦስቱ ቁስለኞች ተረፉ። ኮረብታው ላይ ጌታነህን ጨምሮ አምስት ሰው ሞተብን። ከበለጠ ጋር ስድስት።

ነገሩ ሲረጋጋ ሰላ ድንጋይ ሄጄ ከበለጠ አባት ጋር ተቀመጥኩ።

«መኪና አልነበረም?» አሉኝ።

«ነበር፣ አባባ። ሞተሩ እስኪሞቅ እየጠበቅን ሳለ ነው ያረፈው።»



«ለእሱስ ሙቀቱ ይደርሰው ነበር?»

«ከፍሙ አጠገብ ነበር የተኛው።»

«እንግዲያ ብርድ አላገኘውም» አሉ።

ጌታነህ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ባትሪው ቢያልቅ አራቱም ይቀሩ ነበር። ይህን ግን ለአባትየው አልነገርኳቸውም።