ከአሥር ስንት ያምዎታል?

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ምሽት እናቴ ሻንጣዬን ልትዘጋልኝ ሞክራ አቃታት። የጣቶቿ ጫፍ መገጣጠሚያዎች ከዓመታት በፊት አብጠው ተጣመው ስለነበር ዚፑን መቆንጠጥ አልቻለችም። እጇን ቀስ ብላ ወደ ነጠላዋ መለሰችና «ሻንጣው ነው የጠነከረው» አለች። እኔ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የአጥንት ቀዶ ሐኪም ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት የሰው አጥንት ስጠግን ኖሬ የእናቴን ጣት ግን ነገ እያልኩ አሳደርኩት። ዲቪ ደርሶኝ ስወጣም «የእጅ ቀዶ ሕክምና ተምሬ እመጣለሁ፤ ያኔ እሠራልሻለሁ» አልኳት። ሊሸኙኝ የመጡት ባልደረቦቼ አጨበጨቡ። ይህን የምጽፈው ለእነርሱ ነው፤ አሁን ሻንጣ በመዝጋት ላይ ላሉትም ጭምር።

የሎስ አንጀለስ ሰማይ በሰኔ ሊያስነጥስ እንደተቃረበ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ አያስነጥስም። የእኔም ነገር እንዲሁ ሆነ። የሐኪምነት ፈተናዎቹን ሁሉ አለፍኩ፤ በሆስፒታል የምለማመድበትን ቦታ ግን «ከተመረቅሽ ብዙ ዓመት ሆኖሻል» በሚል በየዓመቱ በማይለወጥ ደብዳቤ ተከለከልኩ። በሦስተኛው ዓመት ማመልከት ተውኩ። ሚድ ዊልሻየር ላይ አፓርትመንት የሚያከራይ ሰው በቅጹ ላይ «ቀዶ ሐኪም» ብዬ መጻፌን አይቶ የት እንደምሠራ ጠየቀኝ። አሁን እንደማልሠራ ነገርኩት። በትሕትና ሌላ ቅጽ አቀበለኝና «አሁን የሆንሽውን ጻፊ» አለኝ። ቦታውን ባዶ ትቼ መለስኩለት። ትክክለኛው መልስ እርሱ ነበር፤ ቤቱን ግን አልሰጠኝም።

በመጨረሻ ካልቨር ሲቲ ውስጥ በአንድ የእጅ ሕክምና ክሊኒክ ኮደር ሆኜ ተቀጠርኩ። ኮደር ማለት ሐኪሙ የሠራውን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ሰው ነው፤ ኢንሹራንስ ከቃል ይልቅ ቁጥር ያምናል። ክሊኒኩ አብዝቶ የሚሠራው ፊውዥን ነው። ሐኪሙ ያለቀውን ልም አጥንት ይጠርግና ሁለቱን አጥንቶች በብሎን አጣብቆ አንድ ያደርጋቸዋል። ጣቱ ከዚያ ወዲያ በዚያ መገጣጠሚያ አይታጠፍም፤ ሕመሙ ግን ይቆማል። ለመጀመሪያው መገጣጠሚያ አንድ ኮድ አለ፤ ለሚጨመረው ሌላ፤ ለአሥሩም ጣቶች ለየብቻ ምልክት አለ። የቀኙን ሌባ ጣት በግራው ምልክት የጻፈ ሰው ፋይሉ ይመለስበታል። የእኔ ተመልሶ አያውቅም። በምላጭ ካገኘሁት ምስጋና በኪቦርድ ያገኘሁት ይበልጣል።

አንድ ቀን ኢንሹራንሱ የቀዶ ሕክምና ፈቃድ የከለከለው መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ፤ የቀኝ እጅ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት፣ የጫፍ መገጣጠሚያ። ስሙን ዐወቅሁት። ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለ ጸጉር ቤት ሹሩባ የሚሠሩት እትዬ አስካለ ናቸው። በራጁ ላይ መገጣጠሚያው ጨርሶ አልቆ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። ከሥሩ ግን የሦስት ቀጠሮ መልስ ተጽፏል፤ ሕመም ከአሥር፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ኢንሹራንሱም ለማያም ጣት ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም ብሎ ወሰነ። የተጻፈውን ብቻ ለሚያነብ ሰው ውሳኔው እንከን አልነበረውም።

የታካሚን ጉዳይ ከቢሮ ውጭ ማንሳት ከሥራ ያስባርራል። ቅዳሜ ፌርፋክስ ሄድኩ። እትዬ አስካለ የአንዲት ደንበኛ ጸጉር በአውራ ጣታቸውና በቀለበት ጣታቸው እየጎነጎኑ ነበር፤ የታመሙት ሁለቱ ጣቶች አየር ላይ ቀርተዋል። ሐኪሙ ስለ ሕመማቸው ሲጠይቃቸው ምን እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

«ተመስገን አልኩት። ደኅና ነሽ ወይ ብሎ ለጠየቀ ሰው ሌላ ምን ይባላል?»

«ከአሥር ስንት ሲልዎትስ?»

«አንድዬ ያውቃል አልኩት። ሚዛን ነኝ እንዴ?»

በየቀጠሮው የምታስተረጉምላቸው የእህታቸው ልጅ ሜሮን ከስልኳ ቀና አለች። «ሶ፣ እኔ ምን ልበል? ተመስገን ስትል ኖ ፔይን ብዬ ትራንስሌት አደረግኩ። ዶክተሩ ደግሞ ይቸኩላል።»

እትዬ አስካለ ደንበኛዋ ከፍላ እስክትወጣ ጠበቁ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቤት ሲገቡ እጃቸውን ፍሪዘር ውስጥ ከትተው እንደሚቆሙ፣ ጠዋት የልብሳቸውን ቁልፍ የምትቆልፍላቸው ሜሮን እንደሆነች ነገሩኝ። ይህ ስምንት ነው አልኳቸው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስምንት ይበሉ።

«ስምንት ካልኩማ የቀረኝ ሁለት ነው። መዓት በገዛ አፍ ይጠራል?»

«ቁጥር ነው እንጂ ሟርት አይደለም፣ እትዬ።»

«ለአንቺ ነዋ።»

ሦስት ጊዜ አስጠናኋቸው፤ ሦስት ጊዜም ስምንት ካሉ በኋላ ተመስገን ጨመሩበት። በቀጠሮው ቀን ግን ስምንት አሉና ተመስገኑን ዋጡት።

ኢንሹራንሱ ለሁለተኛ ጊዜ ከለከለ። ሦስት ጊዜ ዜሮ የነበረ ሕመም ምንም አደጋ ሳይደርስ በአንዴ ስምንት መሆኑ ከመዝገቡ ጋር አይጣጣምም ይላል ደብዳቤው። አስቀድሜ ማስደረግ የነበረብኝ ግልጽ ነበር፤ ዜሮዎቹ እንዴት እንደተጻፉ ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ ማስረዳት ነበረበት። ለጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የማስተምረውን ነገር ዘልዬ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አስቀየርኩ። አሁን እንዲጽፍ ሐኪሙን ስለምነው፣ ታካሚዋ በቤቷ የምትሆነውን ከየት እንደሰማሁ ጠየቀኝ። መልሱ እንጀራዬን የሚያሳጣኝ ስለነበር ራጁን ብቻ አሳየሁት። እርሱም የሰማውን እንደጻፈ ነግሮኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በራሴ ወደ ኢንሹራንሱ ደወልኩ። እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ሳያም እንደማይቀር፣ ራጁ ብቻውን ምስክር እንደሆነ ለሠራተኛዋ አስረዳኋት። ሳታቋርጠኝ አዳመጠች።

«ሐኪም ነሽ?»

«አዎ።»

«የካሊፎርኒያ ላይሰንስ ቁጥርሽን ንገሪኝ።»

«ያለኝ የኢትዮጵያ ነው።»

የኪቦርድ ድምፅ ተሰማኝ። «እሱን የማስገባበት ቦታ የለኝም» አለች። ከዚያም በዛሬው መስተንግዶዋ ከአሥር ስንት እንደምሰጣት ጠየቀችኝ። አሥር አልኳት። ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ የእትዬ አስካለ ወንበር ለሌላ ሹሩባ ሠሪ ተሰጠ። እርሳቸው በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ገቢ ወጪውን ሰላም ይላሉ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልተቆጡም።

«ቀድሞ ታማሚ ብቻ ነበርኩ» አሉኝ። «አሁን ታማሚም ውሸታምም ሆንኩ።»

በማግስቱ እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ የምትይዝላት ጎረቤታችን ናት።

«የእጁን ሕክምና ተማርሽው?» አለችኝ እናቴ።

«ተማርኩት» አልኳት። የእያንዳንዱን ጣት ኮድ መጽሐፍ ሳልገልጥ ዐውቀዋለሁ። «ጣቶችሽስ እንዴት ናቸው?»

«ተመስገን።»

«እማዬ፣ ከአሥር ስንት?»

ጎረቤታችን ስልኩን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው ስታዛውር ሰማሁ።

«አንቺ እስክትመጪ ይቆያል» አለች እናቴ።