አክስቴና የፈረንሳይዋ ልብስ ሰፊ

የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ እስካሁን ግራ ያጋባኛል። ትናንት ከሚሴ ገበያ ውስጥ በአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ሳልፍ ሸተተኝና እግሬ ቆመ። ደስ ብሎኝ ይሁን አዝኜ እኔ እንጃ። አንድ ባጃጅ ከኋላዬ ጡሩምባውን እስኪነፋብኝ ድረስ መንገድ ዘግቼ ቆሜ ነበር።

ያን ጊዜ፣ ልንገርሽ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። አክስቴ አስፋልቱ ዳር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የሴት ቀሚስ ትሰፋለች። ሜትር አትወድም። የደንበኛዋን ትከሻ፣ ወገብና ቁመት በነጭ ክር ትለካና ልኩ ላይ ቋጠሮ ታስራለች፤ ክሩ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ከጨፋ ማሽላ ሸጠው የሚመጡት ሴቶች ሁሉ ወገባቸው እዚህ ተሰቅሏል እያልኩ እቀልድባት ነበር። ወረቀት ላይ ነድፋ ደግሞ አታውቅም። ጨርቁን ሴትዮዋ ላይ ጣል ታደርግና በስፒል ይዛ በመቀስ ትሄድበታለች።

አንድ ሰኞ ከባቲ ገበያ አንድ ቦንዳ ሰልባጅ ገዝታ መጣች። ልብሱ መሃል የእንግሊዝኛ መጽሔት ተሸጉጦ ተገኘ። ፎቶው ላይ አንዲት ቀጭን አሮጊት መቀስ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በአንዲት ወጣት እግር ሥር ተንበርክካለች። አክስቴ ይቺ የሙያ ጓደኛዬ ናት፣ አንብቢልኝ አለችኝ። እሷ ማንበብ አትችልም። የእኔም እንግሊዝኛ ፈተና ለማለፍ ያህል ነበር፤ ግን ይህን ማን ይናገራል።

ወደ አመሻሽ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አነበብኩላት። ሴትዮዋ ፈረንሳይ አገር ድሃ ሆና ተወለደች። እናቷ ስትሞት አባቷ መነኮሳት ዘንድ ጥሏት ሄደ፤ ስፌት የተማረችው እዚያ ነው። ባርኔጣ በመሥራት ጀመረች። ሴቶቹን ትንፋሽ ከሚያሳጣ ጥብቅ ልብስ አላቀቀቻቸው፤ ጥቁር ቀሚስን ከለቅሶ ቤት አውጥታ ለደስታ አለበሰቻቸው። ጦርነት ሲመጣ ሱቋን ዘጋች። ያልገባኝ መስመር ላይ ስደርስ ዝም ማለት ያሳፍረኛልና ከራሴ እጨምርበት ነበር። «ወረቀት ላይ አትነድፍም፤ ጨርቁን ሰው ላይ ነው የምትቆርጠው» ያልኩትም ከመጽሔቱ ይሁን ከራሴ ዛሬም አልለየሁትም። አክስቴ ግን ማሻ አላህ ብላ መቀሷን አስቀመጠችና ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየችው።

በዚያው ሰሞን ሱቅ ያለው ሰፊ ሁሉ የሙያ ምዘና እንዲወስድ፣ ያላለፈም ሱቁን እንዲዘጋ ታዘዘ። ምዘናው ደግሞ ንድፍ በወረቀት ይጠይቃል። አንድ ወር ሙሉ በሲሚንቶ ወረቀት ላይ አስጠናኋት፤ ቻለችበትም። በምዘናው ቀን ቀሚሱ የሚሰፋው በእኔ ልክ ስለነበር አብሬያት ገባሁ። መዛኞቹ ንድፉን የምትሠራበትን ባዶ ወረቀት ሰጧት። አጠፈችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ጨርቁንም ትከሻዬ ላይ ጣለችው።

ቀሚሱ ልክክ አለብኝ። ከደሴ የመጣው ወጣት መዛኝ ዞሮ ዞሮ አየኝ።

«እናቴ፣ ቀሚሱ ያምራል። ንድፉ ግን የታለ?»

«የፈረንሳይዋ ትልቅ ሰፊ ንድፍ አትነድፍም» አለችው። «ይቺው ልጄ አንብባልኛለች፤ ጠይቃት።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መዛኙ እውነት ነው ወይ አለኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ።

«ወላሂ እውነት ነው» አልኩ።

በአላህ ስም ማልኩ እንግዲህ፤ ያውም በማላውቀው ነገር። እሷም ምዘናውን ወደቀች። ሱቁ ተዘጋ፤ ክሮቿን ጠቅልላ ቤት ገባችና ለጎረቤት ብቻ ትሰፋ ጀመር። እኔ ስለ መሐላዬ ብዬ ለማንም ሳልናገር ሦስት ቀን ጾምኩ። እውነት ከሆነ ምን በድዬ እጾማለሁ? ውሸት ከሆነስ ሦስት ቀን ይበቃል? ዛሬ ስልኬን ብጠይቀው አንዱ ጽሑፍ ትነድፍ ነበር፣ ሌላው አትነድፍም ነበር ይለኛል። ተናድጄ ተውኩት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አክስቴ ታመመች። አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከራሴ እጨምር እንደነበር፣ መሐላዬንም፣ ጾሙንም። አልተቆጣችኝም።

«ኢንተላ ኮ» አለችኝ፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለቷ ነው። «ማንበብ ባልችል ዓይን ማየት አያቅተኝም። ስታነቢልኝ ዓይንሽ መስመሩን ትቶ ጣሪያ ላይ ሲወጣ አየው ነበር።»

ካወቅሽ ታዲያ ወረቀቱን ለምን አጠፍሽው አልኳት። ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያብሰለስለኛል። እሷ ይልቅ ያቺ የፈረንሳይ ሴት ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ምን ሆነች ብላ ጠየቀችኝ።

«ሱቋን መልሳ ከፈተች።»

«በስንት ዓመቷ?»

«በሰባ።»

አክስቴ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጣቷን እያጠፈች አሰበች።

«ታዲያ እኔ ገና ስምንት ዓመት አለኝ» አለች፤ ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት። ሰባ ያልኩት አንብቤው ይሁን ፈጥሬው በዚያች ሰዓት እኔም አላውቅም ነበር። ረመዳን ሳይገባ ቀበርናት።