አባዬና የሣሩ ፍልፈል

ቶራንስ ከተማ ከምሠራበት ቢሮ ደጃፍ፣ ውሃ የጠገበው ሣር መሃል ዛሬ ጠዋት ትኩስ የአፈር ቁልል አየሁና ቆምኩ፤ ያ እርጥብ የሥር ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው አባዬ ታወሰኝ፣ በፒጃማ ሱሪው ተንበርክኮ፣ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ።

አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከፌርፋክስ መንገድ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጀርባ በተከራየናት ቤት ፊት አንዲት ምንጣፍ የምታህል ሣር ነበረችን። የታክሲ ሥራ ገና ሳይሞት ነው፤ አባዬ ውሎው መንገድ ላይ ስለሆነ ሣሯን የሚያያት ማለዳ ብቻ ነበር። ፈረንጆቹ ጎፈር ይበሉት እንጂ ለእሱ ፍልፈል ነው፤ ከሥር እየቦረቦረ ስንረግጣት እግራችን ስምጥ የሚልባት አደረጋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። የዚያን ዓመት ግን፣ እናቱ በልጅነቱ ስትሞትበት ያሳደጉት ታላቅ እህቱ፣ እትዬ አስካለ፣ ቪዛ አግኝተው ሊመጡ ነው። ዓይናቸው ደክሟል፤ መሬቱን በእግራቸው እየዳበሱ ነው የሚሄዱት። አንዷ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ቢሰበሩብኝስ እያለ እንቅልፍ አጣ።

ያገኘውን ሁሉ ምክር ለመነ፤ ምግብ ቤት የተቀመጠው፣ ቤተ ክርስቲያን የቆመው ሁሉ የፍልፈል ሊቅ ሆነ። አንዱ ውሃ ልቀቅበት፣ አንዱ በነጭ ሽንኩርት አጥነው፣ አንዱ ወጥመድ ኦርደር አድርግ ይለዋል። የእድራችን ሽማግሌ ጋሼ ታደሰ ደግሞ አንድ ቀን ሰው ይዤ መጥቼ እገላግልሃለሁ ብለውት ነበር። አካፋው እማዬ የተከለቻትን ጤና አዳም ሲቆርጣት አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ብላ አለፈችው፤ ሚጥሚጣ ጉድጓዱ ውስጥ የነሰነሰ ዕለት ግን፣ ስንት ተለምኖ ከአገር ቤት የመጣ ሚጥሚጣ ለፍልፈል ሆነ ብላ ቤቱን አመሰችው። ፍልፈሉ በማግስቱ ሁለት ጉድጓድ ጨመረ፤ ሳይጣፍጠው አልቀረም።

አንድ ሐሙስ እማዬ የቀረውን ሚጥሚጣ ራሷ አንስታ ሰጠችው። ዓይኗ አብጧል፤ ሽንኩርት ነው አለች። እሱም እኔም አመንናት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መኪኖች መጥተው ደጃችን ፓርክ አደረጉ። ጋሼ ታደሰና አምስት ስድስት ወንዶች ወረዱ፤ ሴቶቹ ከመኪና አልወጡም። የእኛ ሰው በማለዳ ተሰብስቦ የሰው ደጅ ሲቆም መርዶ ይዞ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል፤ አባዬ ግን ልቡ ሁሉ ሣሩ ላይ ስለነበር ፊቱ በራ። ለፍልፈሉ መጣችሁልኝ አይደል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ አካፋና መቆፈሪያ አደላቸው። እምቢ የሚልበት አቅም ያገኘ የለም። በጥቁር ኮታቸው ጉድጓድ ይደፍኑ፣ በጫማቸው ይጠቀጥቁ ጀመር፤ አባዬ በመሃላቸው እየሳቀ የእትዬን ወንበር የት እንደሚያስቀምጥ ያሳያቸዋል፣ አንደኛው ሰውዬ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሯል። በመጨረሻ ጋሼ ታደሰ አካፋቸውን መሬት ላይ አስተኙ።

«በቃ ተወው» አሉት። «እህትህ አትመጣም።»

አባዬ ቀና ብሎ አያቸውና አፈሩን በእጁ መሰብሰብ ቀጠለ።

«ቆይ ጋሼ፣ ይቺን አንዷን ልድፈናት።»

ደፈናት። ከዚያ ክንዱን ሲይዙት ነው ጩኸቱ የወጣው፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ አባቴ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። ሰዎቹ በፈረቃ አብረውት ሰነበቱ፣ አንድ ሌሊት እንኳ ብቻውን አላደረም። ሣሯን ከዚያ ወዲያ አልነካትም፤ ፍልፈሉ እንዳሻው ፈነጨባት።

ጋሼ ታደሰም አርፈዋል፤ ያን ሁሉ ሰው የቤት ኪራይ በየአቅጣጫው በትኖታል። በመንጋ መጥቶ ሰውን እንዲያ ማስለቀስ ያኔ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። አባዬ የሞተ ዕለት ግን ማንም ደጄ አልቆመም፤ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን እያቆምኩ ሳለ ከአክስቴ ልጅ ቴክስት ገባ፣ «ሶሪ፣ አባትሽ አርፏል፣ ስትችዪ ደውዪ» የሚል። መስኮቱን እንደዘጋሁ ጮህኩ። ከጎኔ ያቆመው ሰውዬ ስልክ የማወራ መስሎት ነው መሰለኝ፣ እጁን አውለብልቦልኝ አለፈ።