የአንጀት ማስለመጃ ደወል

ባለፈው እሑድ ከሰዓት... አያ ሙላት ቆሰበር ከተማ ወዳለው ቤታችን መጡ። የአባዬ አጎት ናቸው። ከአዘና ድረስ ሕመምተኛ ሊጠይቁ ይመጡና ሕመምተኛውን በምክር ይጨርሱታል።

አባዬ ከስድስት ወር በፊት አንጀቱ ተጠማዝዞ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። የሞተው ተቆርጦ ወጣ... የቀረችው ቀጭን አንጀት አንድ ሜትር እንኳ አትሞላም። ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያስወጣን፣ «የቀረችው የሌላውንም ሥራ ቀስ በቀስ ትለምዳለች። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የምትለምደው ግን ምግብ ሲያልፍባት ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ አብሉት» አለን።

ስለዚህ ስልኬ ላይ በየሁለት ሰዓቱ አላርም ሞላሁ። ትምህርት ቤት ስሄድ እንኳ ስልኩን ቤት ትቼለት ነው... ከዚህ በላይ ፍቅር ካለ ንገሩኝ።

«አባዬ፣ ተደውሏል! አንጀትህ ክፍል ትግባ!» እለዋለሁ። ይስቃል። ሰው ፊት መብላት ስለሚያሳፍረው ሳህኑን ይዞ ጓዳ ይገባል። ባዶውን ይመልስልኛል።

ቀበቶው ላይ ግን በየወሩ አዲስ ቀዳዳ እንበሳለን።

አያ ሙላት ገና ከመቀመጣቸው ጀመሩ። «አጭር አንጀት አጭር ምሳ ነው የሚፈልግ! ምን እንዲህ ያስጎርሳችኋል?»

«እንደሱማ ከሆነ አያ፣ እርስዎም ጸጉር የለዎትም፤ ባርኔጣው ምን ያደርግልዎታል?»

«ኧረ ይች ልጅ! ሐኪሙ ያንችን ምላስ ነበር መቁረጥ!»

አባዬ ሳይቀር ሳቀ።

ስልኬ ጮኸ። የተቀቀለ ድንች በጨው አቀረብኩለት፤ ይዞ ጓዳ ገባ። አያ ሙላት ግን በበሩ ወደ ውጭ ያያሉ።

«አንች... ይህ ውሻ ምን ሆኖ ነው?»

ውሻችን መቻል ደጅ ተኝቶ ነበር። አላርሙን እንደሰማ ብድግ ብሎ፣ ቤቱን ዞሮ ወደ ጓዳው መስኮት ሮጠ።

«ሰውየው እንዲህ ከስቶ ውሻው እንዴት ደለበ?» አሉ። አሁን እየቀለዱ አልነበረም።

ሮጬ ጓዳ ገባሁ። አባዬ እጁን በመስኮት አውጥቷል... የመጨረሻዋ ድንች ጣቶቹ ላይ ነበረች።

ተያየን።

«ሁልጊዜ ነው?»

«ሁልጊዜ እንኳ አይደለም... ብዙውን ነው። በበላሁ ቁጥር ሽንት ቤት ስሮጥ ነው የምውል፣ ልጄ። ካልበላሁ ሆዴ ዝም ይላል። ዝም ሲል... የዳንኩ ይመስለኛል።»

አያ ሙላት ከኋላዬ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል።

ውጭ መቻል አንዴ ጮኸ... ድንቹ ዘግይቶበት።

ሐኪሙ ልክ ነበር፤ ሳያቋርጡ ከደጋገሙት ይለመዳል። ስድስት ወር ሙሉ ደውዬ ያስለመድኩት ግን ውሻውን ነው።