አየሁሽ ቡልጋሪያን በአውቶቡስ

የመተማ ጎረምሳ አውሮፓን ሲያልም ጣሊያንን ነው እንጂ ቡልጋሪያን የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቡልጋሪያን ያየችልን የመንደራችን የኮኪት ሰሊጥ አራሽ አየሁሽ ናት። ጎረቤቴ ስለሆነች አሥር ጊዜ አስተርኬያታለሁ።

ልጇ ሰገነት እዚያ ልትማር ሄዳ፣ ሳታስፈቅድ የዚያኑ አገር ሰው አገባች። አየሁሽ በስልክ "ከእንግዲህ እናት የለሽም" አለቻት። ስድስት ዓመት ተዘጋጉ። አምና ሰገነት የጥሪ ወረቀት ላከች፤ ከወረቀቱ ጋር ግን አንዲት ቃል እንኳ አልነበረችም። ልጄ ይቅር ብላኝ ይሆን ወይስ ልትወቅሰኝ? አየሁሽ ይህንኑ ይዛ በመስከረም ሄደች።

ከሶፊያ ሰገነት እስከምትኖርባት የባሕር ዳርቻ ከተማ እስከ ቫርና በርካሹ አውቶቡስ ተሳፈረች። ርካሽ ስለሆነ በየመንደሩ ይቆማል፤ እሷም ወደደችው። ቀያይ ጣሪያዎች፣ ጭጋግ የለበሰ ተራራ፣ በራቸው ላይ የተቀመጡ አሮጊቶች አለፉ። እንቅልፏና ንቃቷ ተቀላቀለ። "ሞቸ የምሄድ መስሎኝ ነበር፤ ደስ ግን ይል ነበር" ትላለች።

ለምሳ ሲቆሙ መንገዱ ዳር ማለቂያ የሌለው የሱፍ አበባ ማሳ አየች። ደርቆ፣ ጠቁሮ፣ አንገቱን ደፍቷል፤ አጫጅ የለውም። የቆላ ሰው ይህን አይቶ ምሳ እንዴት ይውጥ? ሰሊጥ ቀኑ ካለፈ ይረግፋል፤ የዓመት ልፋት አፈር ይበላዋል። "እኔን! ባለቤቱ ሠራተኛ አጥቶ ነው እንጅ" ብላ ማሳው ውስጥ ገባች። አገዳውን በእጇ እየሰበረች እንደ ሰሊጥ ነዶ አስደግፋ ታቆም ጀመር። ሦስተኛውን አቁማ ቀና ስትል አውቶቡሱ የለም።

ባለማሳው ሽማግሌ መጥተው ነዶዎቹን ሲያዩ ሳቁ። አዝመራው ለካ ደርቆ የሚጠብቀው የማጨጃ ማሽን ኖሯል። ከጥሪ ወረቀቷ ላይ የሰገነትን ቁጥር አንብበው ደወሉላት። አየሁሽ ግን አለቀሰች። ለሰው አዝመራ እንዲህ የቸኮለች ሴት ለልጇ ስድስት ዓመት መዘግየቷ እዚያ ነው የገባት። ሰገነት እስኪደወልላት የቫርና አውቶቡስ ጣቢያ ላይ ቆማ "አሁንም ቀረች" ስትል የቆየች መሰላት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ አንዲት መኪና መጥታ ቆመች። ሰገነት ወረደችና የቆሙትን ሦስት ነዶዎች አየች። አየሁሽ መንገዱን ሁሉ ስታጠናው የመጣችውን ይቅርታ ሳትጀምር፣ ከኋላ ወንበር ጠጉሯ ወርቅ የመሰለ የአራት ዓመት ልጅ ዘላ ወረደች። አየሁሽ የልጅ ልጇ መሆኗ ገብቷት፣ ግን ፈረንጅ ናት፣ አትሰማኝም ብላ በእጇ ልትጠራት ስትል፣ ልጅቱ ቀሚሷን ጨበጠች።

"እምየ፣ ምነው ቆየሽብን?" አለቻት፣ ጥርት ባለ የኮኪት አማርኛ።